ላውሃብን ከባህር ዳር ሆኜ ስጠቀምበት፦ ለኤልሳት ለምትዘጋጁ፣ በተለይ ትዳር ላላችሁ

ላውሃብን ከገዛሁ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው ይሄን የምጽፈው። እዚሁ ባህር ዳር ፔዳ አካባቢ ካለችው የኪራይ ቤታችን ሆኜ፣ መብራት እየመጣ እየሄደ፣ በአክስቴ ልጅ ካርድ አስከፍዬ ነው የተጠቀምኩበት፣ ደሞ እኔ ለሕግ ትምህርት ቤት ሳመለክት ባለቤቴ በዛው ሰሞን ለፒኤችዲ እያመለከተ ነበር፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ላፕቶፕ። ብዙ ሰው "ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ" እያለ ስለሚጠይቀኝ ነገሩን ሳላሳጥር ልንገራችሁ።

ለማታውቁት፣ ኤልሳት አሜሪካ ውስጥ ጄዲ ለሚባለው የሦስት ዓመት የሕግ ዲግሪ መግቢያ ፈተና ነው፣ ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤልሳክ የሚባል ድርጅት ነው፣ ላውሃብ ደግሞ የዛው ድርጅት መለማመጃ ድረ ገጽ ነው። ጥያቄዎቹ ከዚህ በፊት በእውነተኛ ፈተና ላይ የወጡ ናቸው፣ ስክሪኑም የፈተናው ቀን ከሚያጋጥማችሁ ጋር አንድ ነው። በነጻ አካውንት ከፍታችሁ ጥቂት ሙሉ ፈተናዎች መሥራት ትችላላችሁ፣ የሚከፈልበት ደግሞ ከሃምሳ በላይ ፈተና ይከፍትላችኋል፣ ለአንድ ዓመት። እኔ ስገዛው 120 ዶላር ነበር።

የኔ አቋም ይሄ ነው። ነጻውን ዛሬውኑ ክፈቱት፣ ምንም አታመንቱ። የሚከፈልበትን ግን ከባለቤታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ "የት ከተማ፣ በምን ቪዛ፣ ለስንት ዓመት" የሚለውን ሳትጨርሱ እንዳትገዙ። እኔ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሄድኩት፣ ገንዘቡም ጊዜውም አመለጠኝ፣ እናንተ እንዳይደርስባችሁ ነው እንዲህ ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

የገዛሁት ግንቦት 2016 ነው። ያኔ ባለቤቴ ገና አልወሰነም ነበር። እሱ የሚሠራው ጣና ላይ ነው፣ እምቦጭ ላይ ነው ጥናቱ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጀልባ ይዞ ወደ ፎገራ በኩል ይሄዳል ውሃ ቀድቶ ናሙና ይዞ ይመጣል፣ ቤታችን ውስጥ ከጀሪካን ይልቅ የናሙና ጠርሙስ ይበዛል። ለፒኤችዲ አሜሪካ እንደሚያመለክት ይናገራል ግን የት፣ በየትኛው ዓመት፣ ማን ጋር የሚለው ገና አልተቆረጠም። እኔ ኤልኤልቢዬን፣ የመጀመሪያ የሕግ ዲግሪዬን ማለት ነው፣ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ሆኜ ነበር የምሠራው፣ አምስት ዓመት ተምሬ አራት ዓመት ሠርቼ። እሱ እስኪወስን ቁጭ ብዬ ከምጠብቅ ብዬ ገዛሁት። ሰዓቱ ከዛች ቀን ጀምሮ መቁጠር ጀመረ ማለት ነው፣ ዓመቱ የሚቆጠረው ከከፈላችሁበት ቀን ነው እንጂ ማጥናት ከጀመራችሁበት አይደለም።

ከዛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የዶላሩ ነገር መጣ። በጀት ሠርተን የነበረው በ57 ብር ሂሳብ ነው። ልንገራችሁ ዝርዝሩን፣ በዛ የማመልከቻ ዓመት የኤልሳት ምዝገባ 238 ዶላር፣ ካስ የሚባለው ትራንስክሪፕታችሁንና የድጋፍ ደብዳቤያችሁን ሰብስቦ ለትምህርት ቤቶች የሚልከው አገልግሎት 207 ዶላር፣ ከዛ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሪፖርት ለመላክ 45፣ ስድስት ቦታ ብታመለክቱ 270። የላውሃብ 120 ሲደመርበት 835 ዶላር። በድሮው ምንዛሪ ወደ 48 ሺ ብር ነው፣ ያመለከትን ሰሞን ግን 100 ሺ ብር ገብቶ ነበር። ያው የባለቤቴም ማመልከቻ በየዩኒቨርሲቲው ክፍያ አለው። አንድ ማታ ሁለታችንም ወረቀት ይዘን ስንደምር ስንቀንስ አመሸንና እሱ "የማን ይቅደም?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ይሄን ጥያቄ ግንቦት ላይ ብንጠያየቅ ኖሮ ላውሃብን መስከረም ላይ ነበር የምገዛው፣ ስድስት ትምህርት ቤትም አላመለክትም ነበር።

አሁን ስለ ራሱ ስለ ዕቃው።

ስክሪኑ ንጹህ ነው። በግራ ምንባቡ ወይም ክርክሩ፣ በቀኝ ጥያቄውና አምስት ምርጫ፣ ከላይ ሰዓቱ ወደ ታች ይቆጥራል። በሦስት ቀለም ማቅለም ይቻላል፣ ማስመርም አለ፣ ያልሆነውን ምርጫ መሰረዝ፣ የከበዳችሁን ጥያቄ ባንዲራ አድርጎ መመለስ፣ ፊደሉን ማተለቅ፣ መስመሩን ማራራቅ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን አይደለም፣ እኔ መጀመሪያ አንድ ወረቀት ላይ የታተመ ፒዲኤፍ ላይ በእስክሪፕቶ ነበር የምለማመደው፣ ስክሪን ላይ ስቀመጥ ዓይኔ መስመር እየሳተ በሠላሳ አምስት ደቂቃ ውስጥ አሥራ ስድስት ጥያቄ ብቻ ነው የደረስኩት፣ አንዱ ክፍል ወደ 25 ጥያቄ ነው ያለው። ስክሪኑን ለመልመድ ብቻ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ስለዚ ወረቀት ላይ የምታጠኑ ካላችሁ በጊዜ ተዉት።

መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፣ ያለ ኢንተርኔት ደሞ አይሠራም። ሙሉ ፈተና አንድ ላይ መጨረስ ያልቻልኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ደግነቱ ሲቋረጥ ተመልሼ ስገባ የመለስኩት እዛው ይጠብቀኛል፣ ከነበርኩበት እቀጥላለሁ። ግን ልብ በሉ፣ በተቆራረጠ ልምምድ የሚመጣ ውጤት እውነተኛ ውጤታችሁ አይደለም፣ ምክንያቱም መሃል ላይ አርፋችኋል፣ ቡና ጠጥታችኋል፣ ሳታስቡት ያን ጥያቄ ስታመላልሱት ቆይታችኋል። እኔ ከአራተኛው ፈተና በኋላ የተቋረጠበትን ውጤት ደብተሬ ላይ መመዝገብ ተውኩ። መብራት ጥሩ ሚሆንበትን ሰዓት ጠብቄ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ እየተነሳሁ ነበር የምሠራው፣ የጊዮርጊስ ቅዳሴ ሳይጀመር ሁለት ክፍል እጨርሳለሁ። አንዳንድ ቅዳሜ ደግሞ ሐይቁ ዳር ካሉት ካፌዎች ጄኔሬተር ያለው ቤት እሄድና አንድ ማኪያቶ አዝዤ ሦስት ሰዓት እቀመጣለሁ፣ አስተናጋጇ ለምዳኝ ከሶኬቱ ጎን ያለችውን ጠረጴዛ ትይዝልኝ ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጣት።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፣ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ሎጂክ ጌም የሚባለው ክፍል ከፈተናው ወጥቷል። አሁን የሚቆጠረው ሁለት ሎጂካል ሪዝኒንግ፣ ክርክር የሚመረመርበት ክፍል ማለት ነው፣ እና አንድ ንባብ ነው፣ አንድ የማይቆጠር ክፍል ይጨመርበታል ግን የትኛው እንደሆነ አይነገራችሁም፣ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ፣ ከሁለተኛው በኋላ አሥር ደቂቃ ዕረፍት። ላውሃብ ላይ ያሉት ፈተናዎችም በዛው ልክ ተስተካክለዋል። ሰው ከውጭ ያመጣው የቆየ መጽሐፍ ካገኛችሁ የጌም ክፍሉን ዝለሉት፣ ሁለት ጓደኞቼ ለዛ ሁለት ወር ሲደክሙ አይቼ አዝኛለሁ።

ሎጂካል ሪዝኒንግ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የኛ አገር የሕግ ተማሪ ሚቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ። እኛ ስንማር ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ እጃችን ሚሄደው ወደ አንቀጽ ነው። ውል ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ 1731። በጥፋቱ ሰው ጎድቷል? 2028። ፍሬ ነገሩን አንቀጹ ላይ እናሳርፍና ወደ መደምደሚያ። ኤልሳት አንቀጽ የለውም። አምስት መስመር ክርክር ይሰጥሽና "ይሄ ሰውዬ ሳይናገር የያዘው ግምት ምንድነው" ይልሻል። እኔ መጀመሪያ አካባቢ መደምደሚያው ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ላይ ነበር የምከራከረው፣ እንደ ችሎት። ጥያቄው ግን እሱ አይደለም፣ ከዚህ ተነስቶ እዛ ለመድረስ መሃል ላይ የጎደለው ድልድይ የቱ ነው ነው ጥያቄው።

ይሄን ያስረዳኝ ላውሃብ አይደለም፣ ባለቤቴ ነው። አንድ ቀን ራሴ ምሳሌ ሠርቼ ነገርኩት፦ "ጣና ላይ እምቦጭ በተነቀለበት ዓመት ገበያ ላይ የቀረበው ዓሣ ጨመረ፣ ስለዚህ የእምቦጩ መነቀል ዓሣውን አበዛው።" እኔ "ጥሩ ክርክር ነው" ብዬ ነበር። እሱ የሚበላውን የቆሮሶ ዓሣ እሾህ እየለቀመ ቀና ሳይል "ገበያ የመጣው ዓሣና ሐይቁ ውስጥ ያለው ዓሣ አንድ ነው ያለው ማነው? ጀልባ ጨምሮ ቢሆንስ? መረቡ ጠቦ ቢሆንስ? እምቦጩ ሲነሳ ዓሣው አልበዛም፣ አጥማጁ ብቻ መንገድ አገኘ ቢሆንስ?" አለኝ። አራት ድክመት በአንድ ጉርሻ! ከዛ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እራት ላይ ሁለት ሁለት ጥያቄ አነብለታለሁ፣ እሱ ቀዳዳውን ይፈልጋል፣ እኔ ከምርጫዎቹ ጋር አስተያያለሁ። በሦስት ወር ከ143 ተነስቼ 155 የደረስኩት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የተከፈለበት ላውሃብ ዋጋው እዚህ ላይ ነው ሚታየው፣ ጥያቄ አያልቅባችሁም። ነጻው ላይ ቢሆን ኖሮ በሁለት ወር ደግሜ ደግሜ ሠርቼው መልሱን በቃሌ እይዘው ነበር።

የንባቡ ክፍል ውስጥ አራት ምንባብ አለ፣ አንዱ ሁለት አጫጭር ጽሑፍ ጎን ለጎን ያነጻጽራል። ፍርድ ያነበበ ሰው ብዙ አይቸገርም፣ ፍጥነት ብቻ ነው።

አሁን ላውሃብ ማይሰጣችሁን ልንገራችሁ፣ ይሄ ነው ዋናው። ላውሃብ አካውንቱ ያንድ ሰው ነው። ያመለከታችሁበት ትምህርት ቤት የት ደረሰ የሚለውን ያሳያችኋል፣ ውጤታችሁን ያስቀምጣል፣ ግን ባል እንዳለሽ አያውቅም። የባልሽ ቀጠሮ ካንቺ ቀጠሮ ጋር መግጠሙን ሚነግርሽ የለም።

የፒኤችዲ ማመልከቻ አብዛኛው ዲሴምበር ውስጥ ይዘጋል፣ መልሱ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ይመጣል፣ የተቀበሉትም እስከ ኤፕሪል 15 ይወስናሉ፣ በኛ ሚያዝያ 7። ጄዲ ደግሞ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ይከፈትና ማመልከቻው እንደደረሰ እየታየ ነው ቦታ ሚሰጠው፣ ቀድሞ ያመለከተ ቦታም ስኮላርሺፕም የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ስለዚ እኔ ቶሎ ማመልከት አለብኝ፣ ግን የት ከተማ እንደማመለክት ሚወስነው የሱ መልስ ነው፣ የሱ መልስ ደሞ ሚመጣው እኔ ካመለከትኩ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ይሄ ቋጠሮ በማንም ድረ ገጽ አይፈታም። እኛ የፈታነው የአሜሪካን ካርታ ወለሉ ላይ ዘርግተን፣ እሱ የሚፈልጋቸው የውሃ ሳይንስ ፕሮፌሰሮች ያሉበትን ከተማ በሽምብራ፣ የሕግ ትምህርት ቤት ያለበትን በምስር ምልክት እያደረግን ነው። ሽምብራና ምስር የተገናኙበት ቦታ ብቻ ቀረ። ሽምብራ ብቻ ያለበት ብዙ ነበር፣ አንዱን ስናነሳ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፣ ስሙን ለዓመታት ሲያነሳው የነበረ መምህር ነው እዛ ያለው። እኔም ምስር ብቻ የሆነ አንድ ከተማ አንስቻለሁ። ሁለቱንም ያን ማታ ነው የተውናቸው።

ከዛ ደግሞ ማንም ያልነገረኝ ነገር መጣ። ባልሽ የሚሄድበት ስቴት የምትማሪውን ዲግሪ ይወስናል። እንዴት? ኤልኤልቢ ያላት ሰው ሁለት መንገድ አላት፣ ኤልኤልኤም የሚባለው የአንድ ዓመት የሕግ ማስተርስ ወይም ሦስት ዓመት ጄዲ። ለኤልኤልኤም ኤልሳት አያስፈልግም። ኒው ዮርክ የውጭ የሕግ ዲግሪ ያለው ሰው ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው ኤልኤልኤም ጨርሶ የባር ፈተና፣ የጥብቅና ፈቃድ ፈተና ማለት ነው፣ እንዲወስድ የሚያስችል መንገድ አላት፣ ካሊፎርኒያም የራሷ መንገድ አላት። ብዙ ስቴቶች ግን በኤልኤልኤም ብቻ በሩን አይከፍቱም። የባለቤቴ ሽምብራዎች ደሞ በአብዛኛው መሃል አገር ነበሩ የወደቁት፣ ሚድዌስት። እሱ እዛ አምስት ዓመት ከተቀመጠ እኔ በአንድ ዓመት ኤልኤልኤም ጠበቃ ሆኜ እዛው መሥራቴ አስተማማኝ አይደለም፣ ጄዲ ነው ሚያዋጣው፣ የሦስት ዓመቱም ከሱ አምስት ዓመት ውስጥ ይገባል። እሱ ኒው ዮርክ ቢሆን ኖሮ ኤልሳቱም ላውሃቡም አያስፈልገኝም ነበር። አያችሁት? ለዛ ነው መጀመሪያ ከባላችሁ ጋር ተነጋገሩ የምለው።

ቪዛውም እንደዛው። "ባልሽ ከሄደ አንቺ በሱ ትሄጃለሽ፣ እዛ ሄደሽ ትማሪያለሽ" ይላል ሰው ሁሉ፣ እናቴም እንደዛ ነበር የምትለኝ። እሱ በኤፍ-1፣ በተማሪ ቪዛ፣ ሄዶ እኔ በኤፍ-2፣ በተማሪ የትዳር ጓደኛ ቪዛ፣ ብከተለው መሥራት አይፈቀድም፣ ሙሉ ጊዜ ዲግሪ መማርም አይፈቀድም፣ በትርፍ ሰዓት ትንሽ ኮርስ ብቻ ነው። ጄ-1 በሚባለው የልውውጥ ቪዛ ከሄደና እኔ በትዳር ጓደኛው ቪዛ፣ በጄ-2፣ ብሆን ግን መማር ይቻላል፣ የሥራ ፈቃድም ማመልከት ይቻላል። ስለዚ እሱ በኤፍ-1 ከሄደ እኔም የራሴን አይ-20፣ ትምህርት ቤቱ ለቪዛ የሚሰጠውን ወረቀት፣ ይዤ በራሴ ኤፍ-1 መሄድ አለብኝ፣ ለሱም የመጀመሪያ ዓመት ወጪ መሸፈኑን ማሳየት ግድ ነው። ለእማዬ ይሄን ስነግራት ዝም ብላ ቆይታ "ታዲያ ልጄ፣ እሱ ሄዶ አንቺ እዚህ ከሆንሽ ትዳሩን ማን ይጠብቀዋል?" አለችኝ። "እማዬ፣ የቤተሰብ ሕጉ እኮ የጋራ መኖሪያቸውን ባልና ሚስት ተስማምተው ይወስናሉ ነው የሚለው፣ አብረን ነው ምንወስነው" አልኳት። "ሕጉን ተዪው፣ እኔ የምጠይቅሽ አንቺን ነው" አለችኝ። ለዛ ጥያቄ ያኔ ምንም አላልኳትም።

አንድ ነገር ግን ላውሃብ እዚህ ላይ ረድቶኛል። ውስጡ የላው ስኩል ትራንስፓረንሲ ሪፖርት አለ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ክፍያው ስንት ነው፣ ተመራቂዎቹ ምን ዓይነት ሥራ ያዙ፣ የት ስቴት ነው ሚቀጠሩት የሚለውን ያሳያል። ሽምብራና ምስር ከተገናኙባቸው ከተሞች ውስጥ ሁለቱን ያስወጣሁት ይሄን አይቼ ነው። ይሄን ብዙ ሰው አይከፍተውም፣ ክፈቱት።

የፈተናው ቀን ኖቬምበር 2024 ነበር፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ። ከቤት ሆኜ በርቀት ነው የወሰድኩት። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው መኖር የለበትም፣ ጠረጴዛው ባዶ፣ ካሜራውን አዙረሽ አራቱንም ግድግዳ ታሳያለሽ። የኛ ቤት ደግሞ ግድግዳው ስስ ነው፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። አንዲት ጓደኛዬ መሥሪያ ቤቷ ጄኔሬተርና መስመር ኢንተርኔት ስላለው አለቃዋን አስፈቅዳ አንድ ክፍል አስከፈተችልኝ። ባለቤቴ ውጪ በረንዳ ላይ ከጥበቃው ጋር ተቀምጦ፣ ኪሱ ውስጥ ዳታ የተሞላ ሁለተኛ ስልክ ይዞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ጀኔሬተሩን ሲጠብቅ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ላይ መብራት ሄደ፣ ሰባት ሰከንድ ያህል ነው፣ ላፕቶፑ በባትሪ ነው ግን ልቤ ቀጥ አለ፣ ከዛ የጄኔሬተሩ ድምፅ ተነሳ። ስወጣ ሸሚዙ ናፍጣ ሸትቷል። 158 መጣልኝ።

ወደፊት ለምትፈተኑ፣ ኤልሳክ ከኦገስት 2026 ጀምሮ ፈተናው ለአብዛኛው ሰው በፈተና ማዕከል በአካል እንደሚሆን አስታውቋል። ስለዚ ከባህር ዳር ለሚነሳ ሰው የጉዞና የአልጋ ወጪ ካሁኑ ይታሰብበት።

ትራንስክሪፕቱ ላይ ብዙ ተሰቃይቻለሁ። ካስ የውጭ አገር ትራንስክሪፕት ሚቀበለው ከተማራችሁበት ቦታ በቀጥታ ሲላክ ነው፣ እናንተ ስካን አድርጋችሁ መላክ አይሆንም። የተማርኩበት ቦታ "የዛሬ ሳምንት ነዪ" እያሉ አምስት ሳምንት አመላለሱኝ፣ በመጨረሻ የተላከው ላይም ስሜ ፓስፖርቴ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ተለይቶ ነበር። የአያትሽን ስም አጻጻፍ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን አረጋግጪ። ይሄንን ሐምሌ ላይ ጀምሩት፣ ኅዳርን አትጠብቁ፣ ኅዳር የባላችሁ የድጋፍ ደብዳቤ የሚሰበሰብበት ወር ነው፣ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ባንዴ ሲጨነቅ ወጥ የሚሠራ ይጠፋል።

ውጤቱስ ካላችሁ፣ መጋቢት ላይ እሱ ሽምብራና ምስር ከተገናኙበት አንዱ ከተማ ሙሉ ድጋፍ አገኘ። እኔም እዛው ከተማ ተቀባይነት አገኘሁ፣ የትምህርት ክፍያው ግማሽ ተሸፍኖልኝ። ቀሪው ግማሽና የኑሮው ወጪ ከየት ይምጣ? የመንግሥት ብድር ለውጭ ዜጋ የለም፣ የግል ብድር ደግሞ አብዛኛው አሜሪካ የሚኖር ዋስ ይፈልጋል። ሚያዝያ 7 እስኪደርስ ሦስት ሌሊት አልተኛንም። ያን ሰሞን ከሥራ ሲወጣ ጠብቄው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ በእግር ወጣን፣ መሃሉ ላይ ቆመን፣ "አንቺ ካልሄድሽ እኔም አልሄድም" አለኝ። "አንተ ከቀረህ ለሁለታችንም የተከፈተው አንድ በር ተዘጋ ማለት ነው፣ ሂድ፣ እኔ ውጤቴን ከፍ አድርጌ እዛው ከተማ ደግሜ አመለክታለሁ" አልኩት። ብዙ ቆየን እዛ። ጉማሬ ለማየት የመጡ ልጆች ነበሩ፣ ሲጮሁ ትዝ ይለኛል። ነሐሴ 2017 ሄደ።

እኔ ላውሃብን አደስኩት። ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው ዕቃውን በትክክል የተጠቀምኩበት ማለት እችላለሁ፣ ከተማው ታውቋል፣ ትምህርት ቤቱ ታውቋል፣ ምን ያህል ነጥብ እንደሚያስፈልገኝም ታውቋል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እደውልለታለሁ፣ እሱ ጋር ከሰዓት ነው፣ ላብራቶሪ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሁለት ጥያቄ ያዳምጣል፣ ቀዳዳውን ይነግረኛል። እንደገና ተፈትኜ 163 አምጥቻለሁ፣ አንድ ለሱ ከተማ፣ አንድ በመኪና አርባ ደቂቃ ለሚርቅ ትምህርት ቤት አመልክቻለሁ፣ ሁለት ብቻ። ያሁኑ ወጪ ካለፈው ያነሰ ነው።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ለነጻው አምስት፣ ለሚከፈልበት ከተማችሁን ለምታውቁ አምስት፣ ገና ለማታውቁ ሁለት። አሁን ፈተናውን ስለጨረስኩ ድጋሚ አላድሰውም። የተሳሳትኳቸውን ጥያቄዎች በራሴ አነጋገር ለምን እንደሳትኩ የጻፍኩበት ደብተር አለኝ፣ 96 ገጽ ነው፣ በአማርኛ ነው አብዛኛው። ባህር ዳር ያላችሁ የምትዘጋጁ ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር እዛችው ሶኬት ያላት ጠረጴዛ ጋ አለሁ፣ ኮፒ አድርጋችሁ መልሱልኝ።